ኮች፣ ዛሬ ልምምድ አለ?

«ቆይ፣ ከዚህ ሥራ ምን ታገኝበታለህ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የሰፈር ልጆችን ኳስ ማሰልጠን ደመወዝ የለው፣ ቅዳሜና እሑድን ይበላል፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ ነው፤ ቢጠየቅም አይገርምም። የሰፈር አሰልጣኝ ሁሉ የሚመልሰው መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ «እገሌ እኮ የእኔ ልጅ ነበር፣ አሁን ክለብ ገብቷል!» አንድ ልጅ ለክለብ ታዳጊ ቡድን ሲያልፍ ለዓመት የሚበቃ ሞራል ይሆነናል።

አሁን አሁን ግን ይህ መልስ አይጥመኝም። በየሰፈሩ ሜዳ ከሚራወጡት ሕፃናት ኳስ እንጀራ የሚሆንለት ከስንት አንድ ነው። ሞራሌ በዚያ አንድ ልጅ ላይ ከተንጠለጠለ የቀሩት ምንድን ናቸው? አጃቢ?

ከ13 ዓመት በታች ቡድናችን ውስጥ አንድ በረኛ አለ። የሚያደርገው ጓንት አባቱ ግንባታ ላይ የሚሠራበት ነው። መዳፉ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል፤ ስለሚሰፋውም አንጓው ላይ በጫማ ማሰሪያ ጠፍሮ ያስረዋል። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ሁሉ ያልፈዋል። ክለብ እንደማይወስደው እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን ጎል ሲገባበት ተከላካዮቹ ላይ አይጮህም። ኳሷን ሮጦ ያመጣና (እኛ ሜዳ መረብ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ከቱቦ ውስጥ ነው የምትወጣው) ራሱ መሐል ሜዳ ላይ አስቀምጧት «ችግር የለም፣ ችግር የለም» እያለ ይመለሳል። በ4 ለ 0 እየተመራንም እንደዚያው ነው።

ሁለቱ አጥቂዎቻችን ደግሞ አንድ ጥንድ ታኬታ ለሁለት ነው የሚጫወቱበት። አንዱ ቀኝ እግር፣ ሌላው ግራ እግር ስለሆኑ ክፍፍሉ ያለ ሽማግሌ አልቋል። በሌላው እግራቸው ሸራ ያደርጋሉ።

በጥቅምት 2005 ብሔራዊ ቡድናችን ከሜዳው ውጪ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ የነበረ ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረትቶ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ ከተማው እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስም ተጠራ፣ ይገባዋልም። ጎሎቹን ያገቡት የአዳነ ግርማና የሳላዲን ሰኢድ ስም ተጠራ። ግን እኮ እያንዳንዱን ተጫዋች በልጅነቱ «ና፣ ከነሱ ጋር ተሰለፍ» ያለው አንድ ሰው አለ። ያ ሰው በዚያ ማታ ምን ይሰማው ነበር እያልኩ አስባለሁ። ያው ሰውዬ በዚያው ዓመት «ተሰለፍ» ያላቸውና የትም ያልደረሱ ሌሎች ልጆችም ነበሩት፤ ለእነሱም የነፋው ፊሽካ ያው ነው።

እኔን ሞራል የሚገድለኝ ድካሙ ሳይሆን ዋንጫ ፍለጋው ነው። ጢሙ ያጎነቆለ ጎረምሳ «ከ13 ዓመት በታች» ተብሎ ሲሰለፍ ያየ ያውቀዋል። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜ ለማጣራት የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የወረዳ ውድድር ላይ ግን ኤምአርአይ የለም፣ ያለው የአሰልጣኙ ኅሊና ብቻ ነው። ለጎረምሳው ቦታ የለቀቀው የእውነት የ12 ዓመት ልጅ ማልያውን አውልቆ መስመሩ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ዋንጫውን ከበላን በኋላም ትዝ የሚለኝ እሱ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ አልበላውም፣ ይቅርብኝ።

ሜዳ ራሱ ምስጋና የሚገባው ነገር እንደሆነ ያስተማረን 2012 ነው። በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር፣ በሰንበት ጠዋት ስንት ቡድን ጎን ለጎን የሚጫወትበት ቦታ ሽንኩርትና ቲማቲም ሞላበት። ለ2013 ጥምቀት ሜዳው ሲለቀቅ ታቦቱን ብቻ ሳይሆን ኳሳችንንም አስበን ደስ ያለን ጥቂቶች አልነበርንም።

ወላጆች «እግዜር ይስጥልን፣ ልጃችንን ከመጥፎ ቦታ አወጣህልን» ሲሉኝ አፍራለሁ። ኳሶቹን በነፃ የሚያሳድርልን ባለ ሱቅ አለ፤ ልምምድ በደረሰ ቁጥር ጀሪካን ውኃ የምትልክልን እናት አለች፤ ምስጋናው መጀመሪያ ወደ እነሱ ይሂድ። እኔማ ቀን ቀን ቢሮ ነው የምውለው። ቢሮ ሰዓት ብዘገይ ስሜ ይመዘገብ እንደሆነ እንጂ የት ቀረ የሚለኝ የለም። ሜዳ ለመድረስ ግን ትንሽ ከቆየሁ ስልኬ ላይ ሚስኮል ይደረጋል። መልሼ ስደውል ያው የአንዱ ልጅ ድምፅ ነው፤ «ኮች፣ ዛሬ ልምምድ አለ?» ስልኩ የእናቱ ነው፤ ካርድ የለውም። ዝናብ ሲጥል እንኳ ይደውላል፤ «የለም» እንድለው ሳይሆን «አለ» እንድለው። ምን ታገኝበታለህ ለሚለኝ ሰው ይህን ስልክ ባሰማው ደስ ይለኛል።

ለማንኛውም፣ ቤታችሁ ከ34 እስከ 38 ቁጥር የሆነ አሮጌ ታኬታ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። የአንድ እግር ብቻ ቢሆንም ተቀባይ አለው።