«ሱስ ያስይዛል እንዴ?»

በአማርኛ «ሱስ» ስንል ጫቱም፣ ሲጋራውም፣ ጠዋት ካልጠጡት ራስ የሚያሳምመው ቡናም አንድ ላይ ነው። ስለዚህ አክስቴ ለድብርቷ ሰርትራሊን ታዞላት «ልጄ፣ ሱስ ያስይዛል እንዴ?» ስትለኝ አዎ ወይም አይ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (በቤተሰባችን ሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ከሐኪም እኩል ነው።)

እንደ ጫት አያምርም፤ ሰው እሱን ፍለጋ አይዞርም፣ ለመርካት ብሎም መጠኑን እየጨመረ አይሄድም። ከዓመታት በኋላ «እንደ በፊቱ አልሠራልኝም» የሚሉ ግን አሉ። ሰውነትም ይለምደዋል። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላትን ኤሌክትሪክ የነካው ያህል ንዝር የሚያደርግ ስሜት ሊመጣ ይችላል። ከሰውነት ቶሎ በሚወጡት በፓሮክሲቲንና በቬንላፋክሲን ይበረታል፤ ቀስ ብሎ በሚወጣው በፕሮዛክ ይቀላል። የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እንኳ ችግሩ ለአንዳንዶች ከባድና ረጅም ሊሆን እንደሚችል በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ትንሽ ሲሻላት በራሷ ታቆመዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ያዞራታል፤ «ይኸው፣ ሱስ ሆኖብኛል» ብላ ሐኪም ቤት መሄዱንም ትተወዋለች። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኳት፦ «አያምርሽም፣ ሰውነትሽ ግን ይለምደዋል። ማቆም ስትፈልጊ ከሐኪምሽ ጋር ሆነሽ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት፣ ምናልባትም በወራት ነው። ባቆምሽ በቀናት ውስጥ የሚጀምር ማዞር ብዙውን ጊዜ ከማቆሙ ነው፤ ድብርቱ ሲመለስ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ጀምራዋለች። የምታስቀምጠው ከበርበሬው ጀርባ ነው፣ እንግዳ እንዳያየው።