ደም የሚናገረውና የማይናገረው

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ሐዋሳ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ መንገድ የከብት ነጋዴም ወታደርም ተማሪም ይሄድበታል፤ ከነዚህም መካከል ልጅ ለማግኘት ሐኪም ፍለጋ የሚሄዱ ባልና ሚስት አይታጡም፥ ለጎረቤት የሚነግሩት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በነገሌም በያቤሎም እናት የሆነች ሴት ብዙ ጊዜ «የእገሌ እናት» ተብላ ትጠራለችና፥ ካገባች ስምንት ዓመት ሆኗት ገና በራሷ ስም የምትጠራ ሴት ስሟን በሰማች ቍጥር ምን እንዲሰማት አንባቢ ራሱ ይገምት።

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማእከል ተከፍቷል። እንቍላሉን ከሴቲቱ አውጥቶ፥ ከወንዱ ዘር ጋራ በብርጭቆ ዕቃ አዋሕዶ፥ ወደ ማኅፀን የመመለሱ ጥበብ በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን በተወለደች ጊዜ ዓለምን ያስደነቀው ነው።

ከዚህ ሥራ በፊት ግን ደም ይመረመራል። እንቍላልን ለማሳደግ የሚያዘው ሆርሞን የወር አበባ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግድም ስለሚለካ፥ ከሩቅ አገር ለምትመጣ ሴት ቀኑን ከመኪናው ጋራ ማስማማት ራሱ ድካም ነው። ሁለተኛው፥ ፀረ ሙለር የሚባለው፥ በማናቸውም ቀን ሊለካ ይችላል። ይህን ሆርሞን በዕንቍልጢ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያወጡታልና ብዙ ከረጢት ካላት ሴት ብዙ፥ ጥቂት ካላት ጥቂት ይገኛል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚያህል እንቍላል ይዛ ትወለዳለች፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራል፥ ሌላም አይጨመርላትም። እንግዲህ ይህ ምርመራ በጎተራ የቀረውን እህል ለመለካት እንደሚገባ ዘንግ ነው።

ዘንጉ ግን የእህሉን ብዛት እንጂ መብቀሉን አይናገርም። ሐኪሙ ከቍጥሩ የሚረዳው መድኃኒቱ በምን መጠን መሰጠት እንደሚገባው፥ ስንት እንቍላልም እንደሚገኝ ነው። ልጅ ይወለድ እንደ ሆነ ለመገመት ከዚህ ይልቅ የሴቲቱ ዕድሜ ይሻላል፤ ከ35 ዓመት በኋላ ተስፋው ይቀንሳል፥ ከ40 በኋላ ደግሞ ፈጥኖ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆናቸውን፥ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ሴቶች ተከታትሎ፥ ቍጥራቸው ያነሰው በተፈጥሮ መንገድ ለመፅነስ ከሌሎቹ እንዳላነሱ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ በሐኪሙ ክፍል የታወቀ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን «ዝቅተኛ» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ያም ቃል መንገዱን ጨርሶ ነገሌ ሲደርስ ሌላ ቃል ሆኖ ይደርሳል። አማት «ልጄ፥ ሐኪሙ ምን አላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ባል አቀርቅሮ «እንቍላል የላትም አሉ» ይላል፤ ሚስትም ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሐናን የተመለከተው ካህን ዔሊም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰክራለች ብሎ ነበር፤ ምልክቱን አየ እንጂ ትርጉሙን አልጠየቀም።

ደግሞም በዚያ ወረቀት ፈጽሞ ያልተጻፈ ነገር አለ። በአፍሪካ ሴቶችን ልጅ ከሚያሳጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሳይታከም በቀረ ተላላፊ በሽታ የማኅፀን ቱቦ መዘጋት ነው፤ ጎተራዋ የሞላ ሴትም ቱቦዋ ተዘግቶ ልትቀር ትችላለች፥ ሆርሞኑም ስለዚህ አንዳች አይናገርም። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ደግሞ የወንዱ ድርሻ አለበት። የወንዱ ዘር ምርመራ መርፌ የለው፥ መድኃኒት የለው፤ በአጕሊ መነጽር ቈጥሮ ማየት ነው። እንዲህ ቀላል ሲሆን በብዙ ቤት መጨረሻ ላይ የሚታሰበው እርሱ ነው፤ ሚስት ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ደሟን ከሰጠች በኋላ፥ ባል በዓይነ ኅሊናው የራሱን ስም በዚያ ወረቀት ላይ አይቶ ለማያውቀው ጉዞ ትኬት ሲቈርጥ ይገኛል፤ ያውም ከቈረጠ።