ቦሮው እና ሌንድ፦ ማን አበዳሪ፣ ማን ተበዳሪ?

በእንግሊዝኛ ትምህርት ከሚያምታቱን ቃላት መካከል ቦሮው እና ሌንድ ይገኙበታል። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ሲባል ያልሰማ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ስቀን እናልፈዋለን። ለማስተማር ልምምድ ሳንጃ በሄድኩበት ጊዜ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ።

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ነች። አካባቢው የሰሊጥ አገር ነው። ክረምት ላይ አረሙ ሲበረታ የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል። ገንዘብ ያጠረው ገበሬ ተበድሮ ያሳርማል፣ ሰሊጡ ሲሸጥ ይከፍላል። ተማሪዎቹን ስለ ቤተሰባችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ ባልኩ ጊዜ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ማይ ፋዘር ሌንት መኒ ፎር ዊዲንግ» ብሎ ጻፈ። ጠርቼ «አባትህ አበዳሪ ናቸው እንዴ?» ብለው፣ «ኧረ ቲቸር፣ የምን አበዳሪ! ዕዳ አለብን እንጂ» አለኝ። ባለዕዳው አባት በአንድ ቃል ባለገንዘብ ሆነው ቁጭ አሉ!

ይህ ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም፤ ከአማርኛችን የመጣ ነው። በአማርኛ ሥሩ አንድ ሆኖ አቅጣጫውን የምትለየው የመጀመሪያዋ ፊደል ነች፦ ተበደረ፣ አበደረ፤ ተዋሰ፣ አዋሰ። እንግሊዝኛ ግን ለሰጪና ለተቀባይ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት አሉት።

በሌላ በኩል እኛ የምንለየውን እንግሊዝኛ አይለይም። የተዋስነውን መጥረቢያ ወይም መጽሐፍ ያንኑ ራሱን እንመልሳለን። የምንበደረው ግን የሚያልቅ ነገር ነው፤ የሚመለሰው ምትኩ ነው። ጎረቤት ለጎረቤቷ «እታለም፣ አንድ ኩባያ ቡና አበድሪኝ» ትላለች እንጂ «አውሽኝ» አትልም፤ ቡናው ተፈልቶ ይጠጣላ! እንግሊዝኛ ግን ለመጥረቢያውም ለቡናውም ያው ቦሮው ነው የሚለው።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አለ። ቦሮው የመጣው በጥንታዊ እንግሊዝኛ መያዣ ወይም ዋስትና ማለት ከነበረ ቃል ነው። የእኛም «ተዋሰ» ውስጥ «ዋስ» ተቀምጧል። ሁለቱም ሕዝብ የሰው ዕቃ ሲወስድ አስቀድሞ ያሰበው መተማመንን ነው ማለት ነው።

ሰዋስዉን በተመለከተ፣ ሌንድ ሁለት ተሳቢ ይወስዳል፦ «ሺ ሌንት ሚ ኸር ፔን»። ቦሮው ግን ተሳቢው ዕቃው ብቻ ነው፤ ሰጪዋ በፍሮም ትመጣለች፦ «አይ ቦሮውድ ኤ ፔን ፍሮም ኸር»። እኔ በክፍል ውስጥ የተጠቀምኩበት ዘዴ እንዲህ ነበር። «ተ» ካለ «ከ» ይከተላል፦ ከእሷ ተዋስኩ፤ ቦሮው ፍሮም። «አ» ካለ «ለ» ይከተላል፦ ለእሷ አዋስኩ፤ ሌንድ ቱ። ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ስለተነገራቸው ቶሎ ነው የያዙት። ያ ልጅም ሌንትን ሰርዞ ቦሮውድ ብሎ አስተካከለ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ማን ለማን እንደሚከፍል ያልገባው ተማሪ፣ ስሌቱን ቢችልም መልሱን ይስታል። ስለዚህ እኛ ነገ መምህራን የምንሆን፣ «ቦሮው ሚ» ሲሉን ከመሳቃችን በፊት አማርኛውን እናስታውስ። የስህተቱ ምንጭ እዚያ ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ነው።