በበረዶ ወራት ገንዘብ ስለ ማግኘት

ምድር ለሰው የምትሰጠው በጊዜው ነው፤ የሰጠችውን ተቀብሎ ለማትሰጥበት ጊዜ ማቆየት ግን የሰው ፈንታ ነው። ይህን ቁም ነገር አባቶቻችን በተረትና በምሳሌ ሲያስተምሩን ኖረዋል። እኛም ባላሰብነው ስፍራ፥ ማለት በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ፥ እንደገና ስላገኘነው ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን። አንባቢዎቻችን «ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው ገጹን እንዳያልፉት እንለምናለን፤ ጨዋታም አንዳንድ ጊዜ ቁም ነገር ይወልዳልና።

ጨዋታው «ስታርዲው ቫሊ» ይባላል። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ደክሞ ከሠራው በኋላ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሕዝብ አቀረበው። ተጫዋቹ ከአያቱ የወረሰውን ጠፍ መሬት መንጥሮ ያለማል። ዓመቱ በአራት ወቅት የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን አለው። በሦስቱ ይዘራል፥ ይታጨዳል፤ አራተኛው በገባ ጊዜ ግን በረዶ ምድሩን ይሸፍናል፥ በሜዳ የቀረው አዝመራ በአንድ ሌሊት ይደርቃል፥ ከብት የሚግጠው ሣርም ይጠፋል።

ይህን ወቅት «ክረምት» ብለን ልንጠራው ብንሞክር ቃሉ አልታዘዘን አለ። የእኛ ክረምት የዝናብና የእርሻ ወራት ነው፤ ገበሬው ጭቃ ለጭቃ የሚውልበት፥ ሜዳው ለምለም ሆኖ ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ ነው። የእነርሱ ግን መሬቱ ተኝቶ ጎተራው የሚሞላበት በመሆኑ፥ በጠባዩ ከመኸር በኋላ ለሚመጣው በጋችን ይቀርባል። ስለዚህ «የበረዶ ወራት» ማለትን መርጠናል።

እንግዲህ መሬቱ በተኛበት ጊዜ ገንዘብ ከወዴት ይገኛል? ከሥራ በኋላ በማታ እየተጫወትን እንደ ተረዳነው፥ የመጀመሪያው ምንጭ አስቀድሞ የተከማቸው ነው። በሌላው ወቅት ሣሩን አጭዶ ድርቆሽ ያከማቸ ሰው ከብቶቹና ዶሮዎቹ በጋጣቸው እየበሉ ወተትና እንቁላል መስጠታቸውን አያቋርጡም። አንዱ የድርቆሽ ጎተራ 240 ነዶ ይይዛል፤ ለአንድ እንስሳ በቀን አንድ ነዶ ስለሚበቃ፥ ስምንት ከብት ያለው ገበሬ 28ቱን ቀን ያለ ችግር ይሻገራል። ሁለተኛው ምንጭ የእጅ ጥበብ ነው። ተራው የላም ወተት እንዳለ ቢሸጥ 125 ወርቅ ያወጣል፤ አይብ ሆኖ ቢሸጥ ግን 230። ፍሬም በበርሜል ተጠምቆ የወይን ጠጅ ሲሆን ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ በሦስቱ ወቅቶች ካመረተው ለመንደሩ አዳራሽ የሚጠየቀውን አሟልቶ ያበረከተ ሰው የመስታወት ቤት ይታደስለታል፤ በዚያ ቤት ውስጥ በረዶ ስለማይገባ ዓመቱን ሙሉ ይዘራበታል።

ይህ ሁሉ የሌለው ጀማሪም ፈጽሞ ባዶ እጁን አይቀርም። ዓሣ ያጠምዳል፤ 120 ደረጃ ወደ ታች በሚወርደው የማዕድን ጉድጓድ ገብቶ መዳብና ብረት ይቆፍራል፤ በበረዶው ሥር የተቀበረውን ሥራ ሥር በዶማ እየፈለገ ያወጣል። ብልህ የሆነውም ውኃ ማጠጫውን ለአንጥረኛው ሰጥቶ ያሠራዋል፤ ሥራው ሁለት ቀን ቢፈጅም የሚጠጣ አዝመራ በሌለበት ወራት ሁለት ቀን ኪሳራ አይደለምና።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የበረዶው ወራት ገንዘብ አብዛኛው የሚገኘው በበረዶው ወራት አይደለም። ጎተራው፥ በርሜሉ፥ የመስታወቱ ቤት፥ ሁሉም በፊተኞቹ ወቅቶች የተሠሩ ናቸው። ሥራ በሚፈታበት ጊዜ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚሠራበትን ያዘጋጀ ሰው ነው።

ዳሩ ግን ጨዋታው የሚሸፍነው ነገር መኖሩንም ልንሰውር አይገባንም። በዚያ አገር ገበሬው ባይበላም በራብ አይሞትም። ግብር ጠያቂ ወይም ባለዕዳ ደጁን አይመታም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፥ ተጫዋቹ አንድ አይብ ቢሸጥ ወይም መቶ ቢሸጥ የአንዱ ዋጋ አለመውረዱ ነው።

እኛ ያደግንበት ገበያ እንዲህ አልነበረም። አባታችን በጥር ወር እህላቸውን ጭነው ሲወጡ የአገሩ ገበሬ ሁሉ በዚያው ሳምንት ጭኖ ይወጣ ስለነበረ ዋጋው ይወድቅ ነበር። ቢያቆዩት እንደሚወደድ አልጠፋቸውም፤ ጎተራም ነበራቸው። ነገር ግን ግብሩና የዘሩ ብድር እስከ ሐምሌ አይጠብቁም። ሐምሌ ሲገባ ያንኑ የሸጡትን ዓይነት እህል በእጥፍ ዋጋ ሲገዙ በዓይናችን አይተናል። ከገበያ ሲመለሱም ስለ ዋጋው ቃል አይናገሩም ነበር፤ ዝም ብለው ለበሬዎቹ ድርቆሽ ያቀርቡ ነበር።

ይህን የምናነሣው ስለ አባታችን ለማዘን ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ «ገበሬው በበጋ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ቍጠባ አያውቅም» ሲባል ስለምንሰማ ነው። ጨዋታውን የተጫወተ ሰው ይህን ቃል ከመናገሩ በፊት ራሱን ቢጠይቅ ይገባዋል። እኔ በበረዶው ወራት የከበርሁት በርሜል ስለ ነበረኝ፥ ዋጋ ስላልወደቀብኝ፥ ባለዕዳም ስላልመጣብኝ አይደለምን? እነዚህ ሦስቱ ቢወሰዱብኝ ብልሃቴ ብቻውን ስንት ቀን ያቆየኝ ነበር?

ትጋት መልካም ነው፤ ቍጠባም ታላቅ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ለገበሬው ትጋትን ከመስበክ አስቀድሞ እህሉ ሳይነቅዝ የሚቀመጥበትን መጋዘን፥ ዕዳው እስከ ሐምሌ የሚታገሥበትን ሥርዓት፥ ወተቱም አይብና ቅቤ ሆኖ ገበያ የሚደርስበትን መንገድ ማሰናዳት ይቀድማል። ይህ ከተሰናዳ በኋላ በበጋ ምን መሥራት እንደሚገባው ገበሬውን ማስተማር አያስፈልግም፤ እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋልና።