የወደቀው ሳጥን ነው

«ግድግዳ ጆሮ አለው» ይባላል። የእናቴ ቤት ግድግዳ ግን ከጆሮው ይልቅ አፉ ይበረታል፤ የሚለውን ለመስማት የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምትኖረው ኢሉባቦር፣ ኖፓ፣ አባቴ በእጁ ባቆመው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ከአዲስ አበባ አንድ የግድግዳ ቁም ሳጥን አስጭኜ ወሰድሁላት። ዕቃ ለማንሳት ባጎነበሰች ቁጥር ወገቧን ስትይዝ አይቼ ስለነበር፣ ሳህኑም ሲኒውም እጇ በሚደርስበት ቁመት ላይ እንዲሆንላት ብዬ ነው። ከአንባቢ አልደብቅም፤ ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። ቤቱን ትታ ከእኔ ጋር እንድትኖር ስወተውታት ዓመታት አልፈዋል። እሺ ባትል እንኳ ቤቱን ትንሽ ከተማ ላስመስልላት አስቤ ነበር።

ድሪል ተዋስሁ፤ አራት ቀዳዳ በሳሁ፤ አራት ፊሸር ከተትሁ፤ ብሎኑን አጠበቅሁ። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ተሰቀለ። እናቴ መረቀችኝ፤ ከሠርጓ ጀምሮ ያኖረቻቸውን ስድስት ሲኒዎች ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደረች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥሩ ተቀምጣ ቡና ስትቆላ ቆየችና፣ እንደ ወጉ የቡናውን ጢስ ልታሸትተን ምጣዱን ይዛ ብድግ አለች። ሁለት እርምጃ እንደ ሄደች ሳጥኑ ከነሳህኑ ተገነጠለና ተቀምጣበት በነበረው በርጩማ ላይ ወረደ። ወጉ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን ዛሬም ማሰብ አልወድም።

ከስድስቱ ሲኒዎች የተረፈው አንድ ነው። እኔ ግን በዚያ ድንጋጤ መካከል እንኳ ክርክሬን አልረሳሁም። «አየሽ እማዬ፣ ቤቱ አርጅቷል፤ አንቺ ላይ ሳይወድቅ እንሂድ» አልኋት። እርሷም ስብርባሪውን እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ልጄ፣ ቤቱ አልወደቀም። የወደቀው ያንተ ሳጥን ነው» አለችኝ።

ማምሻውን ከአባቴ ጋር ያንን ቤት ያቆሙት ጎረቤታችን ሽማግሌ አናጢ መጡ። ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ሰደድ ሲያደርጉ ደረቅ አፈር ተንሸራተተ። «ምኑን ይዘህ ነው ያንጠለጠልኸው?» አሉኝ። ግድግዳውን አልኋቸው። «ይኼ እኮ ልብሱ ነው። የሚወድቅ ሰው ስትይዝ ክንዱን ነው ወይስ ነጠላውን?»

እውነታቸውን ነው። የጭቃ ቤት የሚቆመው በጭቃው አይደለም። በመሬት የተተከሉት ቋሚዎች ጣሪያውን ይሸከማሉ፤ ማገሩ ቋሚዎቹን ያያይዛል፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተው ጭቃ ክፍተቱን ይደፍናል፣ ብርድና ነፋስ ይከለክላል። ፊሸር ደግሞ የሌላ ግድግዳ ልጅ ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ሲሆን፣ ሰውየው የናይለኑን ዓይነት ያወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ብሎኑ ሲገባበት ፊሸሩ ያብጥና የቀዳዳውን ጎን እየገፋ ይይዛል። ኮንክሪት ሲገፉት ይመክታል፤ ደረቅ ጭቃ ሲገፉት ይፈረካከሳል። ባጠበቅሁት ቁጥር የማፈርሰው መያዣዬን ነበር ማለት ነው።

ክብደቱም ወደ ታች ብቻ አይጫንም። ወርዱ 30፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከነዕቃው 40 ኪሎ ቢመዝን፣ የላይኞቹን ብሎኖች በ10 ኪሎ ያህል ወደ ውጭ ይጎትታቸዋል። ወርዱ እጥፍ ቢሆን ጉተታውም እጥፍ ይሆናል።

በማግሥቱ ሽማግሌው ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ቋሚዎቹን ፈለጉ፤ ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ቀጭን ምስማር እየሰደዱ አረጋገጡ። ቀጥሎ ወደ ውጭ ወጥተው የየቋሚውን እግር በቢላ ጫፍ ወጉ። በመቱና በጎሬ አካባቢ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን ሥር ያርሳል፤ ከዚያ መበስበስና ምስጥ ይከተላሉ። ቢላው የሰጠመበትን አንድ ቋሚ ተዉት። ጤነኞቹን ሦስቱን የሚያገናኝ የዋንዛ ጣውላ አግድም መቱና ሳጥኑን በጣውላው ላይ አሰሩት። ከሥሩም መሬት ድረስ የሚወርዱ ሁለት እግሮች ሠርተው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፏቸው። እንግዲህ ሸክሙ የመሬቱ ነው፤ የቋሚዎቹ ሥራ ሳጥኑ ወደ ፊት እንዳይደፋ መያዝ ብቻ ነው። ቋሚ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ረጅም ብሎን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ፣ ከወዲያ በኩል በሰፊ ጣውላ ላይ በሮንዴላና በዳዶ ማሰር እንደሚቻል ነገሩኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለግድግዳም ይሠራል።

የእኔን ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ልደፍን ስል ከለከሉኝ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም፤ እርጥበት አምቆ ቆይቶ ቅርፊቱ ይነሳል። አፉን በውኃ አርሰን፣ ጭድ ባለው ጭቃ መረግነው።

ብሎኬት ቤት ያለው አንባቢም አይኩራ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ስስ ግድግዳው በድሪል መዶሻ ሲመታ ከውስጥ ይፈነከታል። መዶሻውን አጥፍቶ መብሳት፣ ከባዱንም ዕቃ ለመሬት ማሸከም እዚያም ይበጃል።

ሽማግሌው ለድካማቸው የተቀበሉት ቡና ብቻ ነው፤ የተረፈችው ሲኒ የቀረበችው ለእርሳቸው ነበር። እርሳቸውን ተከትለው ሌሎች ጎረቤቶች ገቡ፤ አንዷ የራሷን ሲኒዎች ይዛ መጣች። እናቴ መካከላቸው ተቀምጣ ስትስቅ አየኋትና፣ ስለ አዲስ አበባ ላነሳ የነበረውን ቃል ዋጥሁት። እርሷን የያዙትንም ቋሚዎች ሳልፈልግ ነበር ስወተውታት የኖርሁት።