የኋላ ፍሬን

አንባቢ ሆይ፤ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ወንበሩንና የሾፌሩን ፊት ይመለከቱ ይሆናል፤ የኋላውን የፍሬን ሸራ ግን ተሳፋሪ አያየውም። ባሕር ዳርም በጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ከተማ ስለ ሆነች የደከመ ፍሬን በውስጧ ብዙ ቀን ሳይጋለጥ ይኖራል። የሚያጋልጠው የዓባይ በረሃ ነው፤ ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነውና።

የታላቅ ወንድሜ አሮጌ ቶዮታ ሀይ-ኤስ ለጥር ሠርግ ዘመድ ጭና አዲስ አበባ ልትወርድ ተቆረጠ፤ እናታችንም ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ነበሩ። ወንድሜ ያለቀውን የግራ ሸራ ብቻ እንድገዛ አዘዘኝ።

«ወንድም ጋሼ፥ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ትስባለች» አልሁት።

«የምታስተምረው ፊዚክስ ሸራ አይገዛልኝም!» አለና ሳቀ።

መካኒኩ ታምቡሩን ሲፈታ ግን የግራው ሸራ በፍሬን ዘይት ርሶ ተገኘ። ከትንሿ ሲሊንደር ጎሚኒው ያፈስ ኖሯል፤ እርሱ ሳይለወጥ አዲስ ሸራ ማልበስ ገንዘብን ዘይት ውስጥ መንከር ነው። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በአየር እንዳይነፋው ለመንሁት፤ ሳንባ ይጎዳል።

ቀጥሎ ታምቡሩ ተለካ። የመጨረሻው የስፋት ልክ በሚሊሜትር ተቀርጾበታል፤ ያን ያለፈ ታምቡር ቀጥኗልና ቶርኖ ቤት ቢላጥም አይረባም። በቁልቁለት ሲግል ይሰፋል፥ ከሸራው ይርቃል፥ ፔዳሉም ከእግር በታች ይሰጥማል። የእኛዎቹ ሁለቱም ገና ከልኩ አላለፉም ነበር።

ወደ መለዋወጫ ሱቅ አሮጌውን ሸራ ይዤ ሄድሁ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው ግማሽ ነው። አጠገብ ላጠገብ ሳስተያያቸው የርካሹ የእጅ ፍሬን ክንድ የሚገባበት ቀዳዳ ከቦታው ሸሽቷል። ውዱ ገጠመ። ሻጩ ስለ ፋብሪካው ስም ብዙ ቢያወራኝም እኔ የገዛሁት ስለ ገጠመ ብቻ ነው፤ በካርቶን ላይ የማይታተም ስም መቼም የለም።

ወንድሜ እያጉረመረመ የሁለቱንም ጎማ ሸራ ዋጋ ከፈለ። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ በደንብ አይዝምና፥ ሦስት ቀን ያህል ባዶዋን በዘጌ መንገድ ቀስ እያለ፥ ፍሬን እየያዘ እየለቀቀ ነዳት፤ እስከዚያ ድረስ ሰው አልጫነባትም።