ዓይኔን ከፓኳ ላይ ያነሳሁበት ዓመት

እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ቡድን ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ተከላካዮች ሄዱበት። ካርል አልዝነር ሞንትሪያል ገባ፤ ኬቨን ሻተንከርክ ኒውዮርክ ሬንጀርስን መረጠ፤ ኔት ሽሚትን ደግሞ ያን ዓመት ሊጉን የተቀላቀለው የቬጋስ ቡድን ወሰደው። ካፒታልስ በ118 ነጥብ መደበኛውን ውድድር በአንደኝነት ጨርሶ፣ በፕሌይኦፉ በፒትስበርግ በሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፎ የወጣ ቡድን ነበር። ከዚያ በኋላ የቀሩት ጆን ካርልሰን፣ ማት ኒስካነን፣ ዲሚትሪ ኦርሎቭ፣ 37 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ብሩክስ ኦርፒክና ገና ያልተፈተኑ ወጣቶች ነበሩ። ስለ መጪው ዓመት ሲወራ ሰው ሁሉ የሄዱትን ስም ይቆጥር ነበር።

እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው። በረዶ ሆኪን የለመድኩት እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ፣ በአንድ ትልቅ ሕንፃ የሌሊት ጥገና ተረኛ ሆኜ ስሠራ ነው። በልጅነቱ ተከላካይ ሆኖ የተጫወተ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ጨዋታውን አብሮኝ ሲያይ፣ ዓይኔ ያቺን ጥቁር የጎማ ፓክ ብቻ እንደሚከተል አስተዋለ። «ተዋት» አለኝ። «አንድ ተከላካይ ምረጥና፣ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ እሱን ብቻ እይ።»

ኒስካነንን መረጥኩ። ተከላካዩ አንዴ ገብቶ እስኪወጣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ የሚሆነው ብዙ ነው። አጥቂው በመሀል ሜዳ እየፈጠነ ሲመጣ ኒስካነን ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ርቀቱን በዱላው ልክ ይጠብቃል፤ አይቸኩልም፣ አይሸሽም። ዱላውን በረዶው ላይ አስተኝቶ የቅብብሉን መንገድ ይዘጋና፣ አጥቂውን ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ምቱ ሲመጣ ከማይመች ማዕዘን ስለሆነ በረኛው ሆልትቢ ሳይደነግጥ ይይዘዋል። ማንም አያጨበጭብም። ከሁሉ ከባድ የመሰለኝን ያየሁት ደግሞ ፓኳ ከጎሉ ጀርባ ስትወድቅ ነው። ተከላካዩ ሊያነሳት ሲሄድ ሊያላትመው የሚገሰግስ ሰው እንዳለ ያውቃል። ሳይደርስባት በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያያል፤ ግጭቱን በገላው ተቀብሎ አንዲት ንጹሕ ቅብብል ያወጣል። ማጥቃቱ የሚጀምረው ከዚያች ቅብብል ነው፤ በጎሉ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ የለም።

በዚያ የውድድር ዓመት ካርልሰን ካገባቸውና ለጎል ካበቃቸው ተደምሮ 68 ነጥብ አስመዝግቦ ከሊጉ ተከላካዮች አንደኛ ሆነ። ኦርፒክ በ81 ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ለአንዱ ሐውልት ሠርቶ ሌላውን ያሰናብታል። ግን ተጋጣሚው በቅጣት ምክንያት ለሁለት ደቂቃ በሰው በልጦ ሲያጠቃ፣ ከበረኛው ፊት ገላውን ለምት የሚሰጠው ኦርፒክ ነበር። በየካቲት ደግሞ ቡድኑ ከቺካጎ ሚካል ኬምፕኒን አመጣ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ከሰልፍ ውጭ ይቀመጥ የነበረ ሰው ነው፤ ዋጋውም በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) አንድ የሦስተኛ ዙር ዕድል ብቻ። በካርልሰን ግራ አቆሙት። ካርልሰን ወደፊት መውጣት ይወዳል፤ ኬምፕኒ ፈጥኖ ክፍተቱን ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሰለፉት ሦስቱም የተከላካይ ጥምረቶች ቦታቸውን ያዙ። በፕሌይኦፉ ከታምፓ ቤይ ጋር በተደረጉት ስድስተኛና ሰባተኛ ጨዋታዎች አንድም ጎል አልገባባቸውም። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ የማሸነፊያዋን ጎል ዓመቱን ሙሉ ያላገባው ኦርፒክ አገባት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 2018 ሽሚት የተሰለፈበትን ቬጋስን አሸንፎ፣ ከ1974 ጀምሮ ሲጫወት የኖረው ቡድን የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ አነሳ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለብዙ ጊዜ አገር ቤት ስደውል ሥራዬን አድበስብሼ አልፍ ነበር። በእኛ ሥራ ጥሩ ሌሊት ማለት መዝገቡ ላይ የሚጻፍ ነገር የሌለበት ሌሊት ነው፤ ሊፍቱ ካልቆመ፣ ቧንቧው ካልፈነዳ፣ ማሞቂያው ካልጠፋ ማንም ስምህን አያነሳም። በዓመቱ ግምገማ «ምን አከናወንክ?» የሚለውን ቦታ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ እመልሰው ነበር፤ የማሳየው ያለኝ አይመስለኝም ነበርና። እነዚያን ተከላካዮች ያየሁበት ዓመት ሲያልቅ ግን ቅጹን ሞላሁት። ድምፁ ስለተለወጠ ሳይቃጠል የቀየርኩትን የውሃ ፓምፕ ጻፍኩ። ውርጭ ከመግባቱ በፊት የሸፈንኳቸውን ቧንቧዎች ጻፍኩ። ለእናቴም ሌሊት የምሠራውን አንድ በአንድ ነገርኳት።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ኬምፕኒ የታፋው ጅማት ተበጥሶ ከውድድሩ ወጣ። በሚያዝያ ካፒታልስ በመጀመሪያው ዙር በካሮላይና ተሸነፈ፤ ሰባተኛው ጨዋታ ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት ድረስ ሄዶ ነው የለየለት። ብዙ ሰው ያልገቡትን ጎሎች ሲያነሳ ሰማሁ። ለእኔ ግን ትልቁ ጉድለት በካርልሰን ግራ የነበረው ቦታ ነው። ስለዚህ በየመስከረሙ የመጪው ዓመት ተሰላፊዎች ሲታወቁ፣ ማን ስንት ነጥብ አስመዘገበ ከማለቴ በፊት ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ፣ ማን በግራ ማን በቀኝ እጁ እንደሚመታ፣ ቡድኑ በሰው ሲያንስ መጀመሪያ የሚገባው ማን እንደሆነ እፈልጋለሁ።